ሰውን የሚጠብቀው ብሬከር

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 1 ሰፈር የቆርቆሮና የጣውላ ቤቶች በበጋው ጠጅ የሚጥል ሰው ለመብላላቱ ማሞቂያ አይፈልግም። ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት እንዲያውም ይበዛበታል። ኮረንቲ የሚያስፈልገው ጌሾ ለማፍላትና ጀሪካን በፈላ ውኃ ለማጠብ ነው። ከተበላሸ ማንቆርቆሪያ የተነቀለ ማፍያ በርሜል ውስጥ የሚገጠመውም ለዚሁ ነው።

የማፍያው ብረት ቱቦ ውስጥ የሚግል ጥቅል ሽቦ አለ። ሽቦው ቱቦውን እንዳይነካ የሚያደርገው የማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ማፍያው ያለ ውኃ ሲግል ወይም ቱቦው ዝጎ ሲሰነጠቅ እርጥበት ዱቄቱ ውስጥ ይገባል፤ ኮረንቲም ወደ በርሜሉ ይሾልካል። ውኃው ግን እንደወትሮው ይፈላል።

«ብሬከር አለኝ» ማለት እዚህ ላይ አይበቃም። 2000 ዋት ማፍያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። በላብ የራሰ ሰው በርሜሉን ቢነካና የሰውነቱ ኮረንቲን የመከላከል አቅም ወደ 1000 ኦም ቢወርድ፣ በላዩ የሚያልፈው 0.22 አምፔር ነው። ልብ ለማቆም ከበቂ በላይ ነው፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሥራው ሽቦው እንዳይቃጠል መጠበቅ ነዋ! በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ዳልዚል ፈቃደኛ ሰዎችን እየመረመረ እንዳሳየው፣ ከ10 እስከ 16 ሚሊ አምፔር አካባቢ ብቻ እንኳ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል።

ለሰው የሚቆመው ዲፈረንሲየል የሚባለው ብሬከር ነው። ኮረንቲ የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል አንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። የሄደው ኮረንቲ ሁሉ ከተመለሰ ሁለቱ ይጣፋሉ። ከፊሉ በሰው ወይም በበርሜል በኩል ወደ መሬት ከሾለከ ግን ሂሳቡ ይጎድላል፤ ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመው ሦስተኛ ሽቦ ጉድለቱን አውቆ መቆለፊያውን ይስባል። ለቤት የሚገዛው 30 ሚሊ አምፔር የሚለው ነው፤ በሰከንድ ሽራፊ ይቆርጣል። ፌዝና ኒውትራልን በሁለት እጁ የጨበጠ ሰው ግን ሂሳቡን አያጎድልምና አያድነውም።

የምድር ሽቦ ከሌለ ዲፈረንሲየሉ የሚቆርጠው ሰው በርሜሉን ሲነካ ነው፤ ካለ ግን ገና ሲሰካ ይዘላል። የጅቡቲ ሶኬት በፈረንሳይ ወግ የምድር እግሩን ከመሃሉ ያወጣል። ባለ ሁለት እግር ስፒና እዚያ ላይ ይሰካል፣ ይሠራልም፤ ምድሩን ግን አያገኝም። ተገልብጦም ስለሚሰካ ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ሊሆን ይችላል፤ ማፍያው «ጠፍቶ» ፌዙ ውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ጭልፋ ከመግባቱ በፊት ስፒናው ይነቀል። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽንም ሙቀቱን ስለሚያምቅ ተዘርግቶ ይሥራ።

ዲፈረንሲየሉ ላይ «ቲ» የተጻፈባት ቁልፍ አለች። በወር አንዴ ስትጫን መዝለል አለበት። ካልዘለለ ይቀየር፤ እስኪቀየር ጌሾው ደጅ በከሰል ይፍላ።