ተጨማሪ መረጃ፦ «እንዲህ ዓይነት ሰው ብሆንስ?»

ለልጇ የምትሳሳ እናት ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ «በዚህ ቢላዋ ልጄን ብወጋውስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣባታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ራችማንና ዴ ሲልቫ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ በጤነኛ ሰውም አእምሮ ውልብ ይላል፤ ብዙዎች ንቀው ያልፉታል። ኦሲዲ የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለባት እናት ግን ሐሳቡን እንደ ማስረጃ ትቆጥረዋለች፦ «ውስጤ ጨካኝ ቢሆን ነው እንጂ!» ከዚያ ቢላዋ ትደብቃለች፣ ልጇን ከማቀፍ ትሸሻለች፣ ስሜቷን ደጋግማ ትመረምራለች፤ በመረመረች ቁጥር ጥርጣሬዋ ይብሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬድሪክ አርዴማና ባልደረቦቹ ይህን «እንዲህ ዓይነት ሰው ብሆንስ?» የሚል ፍርሃት («የሚፈራ ማንነት») የሚለካ መጠይቅ በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የምትፈራው ማንነት (ልብ በሉ!) ከእውነተኛ ጠባይዋ ጋር አይገጥምም፤ ሐሳቡ የሚያስጨንቃት ልጇን ስለምትወድ ነው። ሕመሙ በንግግር ሕክምናና በመድኃኒት ይታከማል።