ለጣት ጥበብ የሚነደፍ ካርታ

ካርታ ሲነሳ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ትዝ የሚለን ጨዋታ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ አስማተኛ። ካርዲስትሪ ከሁለቱም የተለየ ነው። አሸናፊና ተሸናፊ የለውም፤ የሚደበቅ ምስጢርም የለውም። ካርዲስቱ ካርታውን በጣቶቹ መካከል ይከፋፍላል፣ ያሽከረክራል፣ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፣ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልባል። ተመልካቹም የሚደሰተው በዐይኑ ባየው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ይህ ጥበብ ዛሬ ለራሱ ተብሎ የሚነደፍ ካርታ አለው፤ አሠራሩም ከተለመደው ካርታ በብዙ ነገር ይለያል።

ጥበቡ የተገኘው ከአስማተኞች እጅ ነው። ካርታን በአንድ እጅ ከፍሎ መልሶ የሚያጋጥመው “ቻርሊየር ካት” ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ የካርታ አስማተኛ ነው። ካርታውን ለበርካታ ክምሮች ከፍሎ በሁለት እጅ ጣቶች መካከል የሚያዘዋውረውን “ሲቢል” ደግሞ አሜሪካዊው ክሪስ ኬነር እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ መጽሐፉ አስተዋወቀ። መንትዮቹ ዳን እና ዴቭ በክ ይህን መሠረት ይዘው ስልቶቹን አራቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት “ዘ ትሪሎጂ” የተሰኘ የዲቪዲ ትምህርትም በየአገሩ ያሉ ወጣቶችን ወደ ጥበቡ ሳበ። የእጅ ማፍታቻ የነበረው ነገር ከአስማቱ ተለይቶ በራሱ እግር ቆመ።

ካርታው ግን ገና የጨዋታ ካርታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ በአሜሪካ የሚታተመውን ባይስክል የተባለ ካርታ እንውሰድ። እጅግ የታወቀው ጀርባው በነጭ ህዳግ ተከቦ፣ በቀጫጭን ሐረጎች መካከል ብስክሌት የሚነዳ ክንፋም ሕፃን ተስሎበታል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያምራል። በጣቶች መካከል ሲሽከረከር ግን ሐረጉም ሕፃኑም ይጠፉና ቀይ ወይም ሰማያዊ ብዥታ ይቀራል። ንድፉ የተሠራው ለማይንቀሳቀስ ካርታ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2012 “ዘ ቨርትስ” የተባለ የሲንጋፖር ወጣቶች ቡድን “ቨርቹኦሶ” የሚባለውን ካርታ ይዞ መጣ። ከመነሻው ለካርዲስትሪ ብቻ ታስቦ የተነደፈ የመጀመሪያው ካርታ ተብሎ ይታወቃል። ቡድኑ ራሱ የካርዲስቶች ስብስብ ስለነበር የጀመረው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ ካርታው ሲንቀሳቀስ ምን ይመስላል? ከዚያ በኋላ የመጡ ዲዛይነሮች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ግድ ሆኖባቸዋል።

መልሱ ከቀለም በፊት ከወረቀቱ ይጀምራል። ካርዲስቶች በብዛት የሚይዙት ካርታ 63 ሚሊ ሜትር ወርድና 88 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። የአንዱ ውፍረት ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን 52ቱ ሲደራረቡ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ጥሩ ካርታ ሁለት የወረቀት ንጣፎች ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ማጣበቂያ የተጋጠሙበት ነው። ገጹ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታተሙበታል፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ የሚቀረው አየር አንዱ ካርታ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ይረዳል። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት በከባድ ማሽን ተጨፍልቆ ከሳሳ ደግሞ ካርታው ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ለስላሳና ታዛዥ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። ካርታው ከመጠን በላይ ከተንሸራተተ በሲቢል ጊዜ ክምሮቹ ከጣት ያመልጣሉ፤ እርስ በርስ ከተጣበቀ ደግሞ ሲዘረጋ እየተቧደነ ክፍተት ይፈጥራል። ፕላስቲክ ካርታ ቢታጠብና ዕድሜው ቢረዝምም ብዙ ካርዲስቶች የማይመርጡት ለዚህ ነው፤ ያንሸራትታል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይፈናጠራል። ምላጩ ወረቀቱን የቆረጠበት አቅጣጫ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ካርታውን ሁለት ቦታ ከፍሎ አንድ በአንድ ለማጠላለፍ ከላይ ወይስ ከታች መጀመር እንደሚቀል የሚወስነው እሱ ነው።

ዲዛይነሩ በእውነት የሚፈተነው ግን ጀርባው ላይ ነው። 52ቱ ካርታዎች በግማሽ ክብ እኩል ቢዘረጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ሦስት ተኩል ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ካርታ የሚታየው ላይኛው ጫፉ ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ወደ እጅ ሲወርድ እየጠበበ የሚሄድ ቁራጭ ብቻ ነው። መሐል ላይ የተደከመበት ሥዕል በሙሉ ይሸፈናል። ነጠላ ታጥፎ ሲቀመጥ ከሁሉ በፊት ዐይን የሚይዘው ጥለቱ እንደሆነ፣ ካርታም ሲዘረጋ የሚናገረው በጠርዙ ነው። ጠርዙ ላይ የተሰመረች አንዲት ወፍራም መስመር 52 ጊዜ ስትደገም ቅስት ትሆናለች፤ ጥግ ላይ ያረፈች ነጥብም የነጥቦች ቀለበት ትሠራለች። ዲዛይነሩ የሚስለው አንድ ካርታ ቢሆንም ማሰብ ያለበት ስለ 52ቱ ነው።

የህዳግ ምርጫም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ነጭ ህዳግ ክምሮችን አጉልቶ ይለያል፤ በአጠቃቀም የተላላጠ ጠርዝንም ይሸሽጋል። ችግሩ ፋብሪካው ሲቆርጥ ትንሽ ካዛነፈ ወዲያውኑ መታወቁ ነው። ቀለሙ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ካርታ ሲዘረጋ አንድ ወጥ ገጽ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም ያለው ካርታ ጠርዙ ሲላላጥ የወረቀቱ ነጭ ብቅ ይላል። አንዱን ጥቅም የፈለገ ሌላውን መተው አለበት።

ክምሮች በየጊዜው ስለሚገለባበጡ ጀርባው ዞሮም ያው መምሰል ይኖርበታል። አለበለዚያ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ሆኖ ንድፉ ይበጣጠሳል። ማዕከሉ ላይ ያለ ክብ ካርታው ጣት ላይ ሲሽከረከር ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ አራት ማዕዘን ግን ይደበዝዛል። ካርዲስትሪ በአብዛኛው የሚታየው በቪዲዮ ስለሆነ ካሜራውም ይታሰባል። በጣም የተቀራረቡ ቀጫጭን መስመሮች በስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ጥቂት ትልልቅ ቅርጾችና ጎልተው የሚለያዩ ቀለሞች ግን ከርቀትም ይነበባሉ። ከአሜሪካ የመጣው ፎንቴን የተባለ ካርታ በአንድ ቀለም ላይ ትልቅ ፊደል በማስቀመጥ ይታወቃል።

ፊቱ ላይ ግን ብዙ መለወጥ አይመከርም። ቁጥሮቹና ምልክቶቹ ካልተነካኩ ካርታው ለጨዋታም ያገለግላል። ሲዘረጋ በየጥጉ የሚደረደሩት ቁጥሮችም በራሳቸው ጌጥ ናቸው።

የካርዲስት ካርታ መለኪያ እንግዲህ በሳጥኑ ማማር ወይም በሥዕሉ ብዛት አይደለም፤ በእጅ ሲንቀሳቀስ በሚሰጠው መልክ ነው። ጥበቡን መጀመር የሚፈልግ ሰው ውድ ካርታ አያስፈልገውም፤ ማንኛውም ደህና የወረቀት ካርታ ይዞ ቻርሊየር ካትን ይለማመድ። ካርታ መንደፍ የሚያምረው ዲዛይነር ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ንድፉን 52 ጊዜ ደግሞ በግማሽ ክብ ይዘርጋው። በዚያች አምስት ሚሊ ሜትር ውስጥ ካላማረ እንደገና ይሳለው።