ስለ አየርላንድ የቴኒስ ታሪክ የተጻፉ መጻሕፍት ማደሪያቸው የት ይሁን?

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)



ሰው መጻሕፍት በሚሰበስብበት ዘመኑ ሐሳቡ ሁሉ በማግኘት ላይ ነው፤ ከእኔ በኋላ ማን ይረከባቸዋል ብሎ የሚጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ይህ ጥያቄ በማናቸውም ዐይነት መጽሐፍ ላይ የሚነሣ ቢሆንም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ጉዳያቸው ጠባብ፣ የታተሙትም በጥቂት ቍጥር በሆኑ መጻሕፍት ላይ ነው። ለዛሬ በምሳሌነት የምናነሣቸው ስለ አየርላንድ የቴኒስ ታሪክ የተጻፉትን ነው። ጉዳዩ ከእኛ የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ መዝገብ ከቦታው ሲጠፋ ምን እንደሚከተል በየመሥሪያ ቤቱ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እነዚህ መጻሕፍት የሚጠብቁት ታሪክ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በሣር ሜዳ ላይ የሚደረገው የቴኒስ ጨዋታ በ1870ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ሲስፋፋ ወዲያው ወደ አየርላንድም ተሻገረ። በደብሊን ከተማ የፊትዝዊልያም የቴኒስ ክለብ የተመሠረተው በ1877 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የዊምብልደን ውድድር የተደረገውም በዚያው ዓመት ነው። በ1879 ይኸው ክለብ የአየርላንድን ሻምፒዮና ሲጀምር ለሴቶችም የነጠላ ውድድር አዘጋጀ፤ አሸናፊዋም ሜይ ላንግሪሽ ነበረች። በዊምብልደን የሴቶች ሻምፒዮና የተጀመረው ግን ከዚያ አምስት ዓመት ዘግይቶ በ1884 ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው 1890 ነው። በዚያ ዓመት በዊምብልደን የነበሩት ውድድሮች ሦስት ሲሆኑ፣ ሦስቱንም አየርላንዳውያን አሸነፉ። በወንዶች ነጠላ ዊሎቢ ሃሚልተን ስመ ጥሩውን ዊልያም ሬንሾን ድል ነሣ፤ በሴቶች ነጠላ ሊና ራይስ አሸነፈች፤ በወንዶች ጥንድ ደግሞ ጆሹዋ ፒም እና ፍራንክ ስቶከር ድሉን ወሰዱ። ፒም በ1893 እና በ1894 በነጠላ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1896 ደግሞ ሃሮልድ ማሆኒ ተከተለ። በ1912 ጄምስ ሲሲል ፓርክ እስከ አውስትራልያ ተሻግሮ የዚያን አገር ሻምፒዮንነት ይዞ ተመለሰ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ታሪክ እንዴት ሊዘነጋ ቻለ? ምክንያቱ በጨዋታው ሳይሆን በተጫዋቾቹ ነው። በዚያ ዘመን ቴኒስ የባለ ርስቶች፣ የጦር መኰንኖችና የባለጸጎች ጨዋታ ነበር። በ1884 አገራዊውን ጨዋታ ለማስፋፋት የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበር ሲመሠረት፣ የማኅበሩ ደጋፊ የሆኑት ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክሮክ በጻፉት ደብዳቤ የሣር ሜዳ ቴኒስን ከባሕር ማዶ ከመጡት ጨዋታዎች ጋራ ቈጠሩት። በ1922 አገሪቱ የራሷን መንግሥት ባቋቋመች ጊዜም የሕዝቡ ፍቅር ወደ አገራዊው ጨዋታ አዘንብሎ ነበር። ከዚህም የተነሣ የቴኒስ ታሪክ በክለቦች ቁም ሣጥን፣ በዓመታዊ ትናንሽ መጻሕፍት፣ በፎቶግራፍ አልበምና በጥቂት ሰዎች የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተጠግቶ ቀረ።

የሊና ራይስን ነገር ብቻ እንመልከት። በ1866 በቲፐረሪ አውራጃ ተወለደች። በ1889 በዊምብልደን ለፍጻሜ ደርሳ ድሉ ከእጅዋ ከገባ በኋላ እንደ ማምለጥ ያህል ተሸነፈች፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ተመልሳ አሸነፈች። በ1907 ልክ አርባ አንድ ዓመት በሞላት ዕለት ዐረፈች። እስከ ዛሬ ድረስ የዊምብልደንን የሴቶች ነጠላ ያሸነፈች አየርላንዳዊት እርስዋ ብቻ ናት። ስለ እንዲህ ያለች ሴት የሚያስረዳው ወረቀት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንዱ ሲጠፋ የሚተካው አይገኝም። ስለ መጻሕፍቱ ማደሪያ መጨነቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። በአየርላንድ አንድ አፍቃሪ ቴኒስ ሠላሳና አርባ ዓመት የሰበሰበውን ለማን ይስጥ? ብዙ ሰው ሁሉንም በአንድ ካርቶን አድርጎ ለአንድ ቦታ መስጠት መልካም ይመስለዋል። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ በዐይነታቸው የተለያዩ ስለ ሆኑ፣ መጀመሪያ ለይቶ መክፈል ያስፈልጋል።

አንደኛው ክፍል በመጻሕፍት ገበያ ወጥተው የተሸጡት ናቸው። ለምሳሌ ዩሊክ ኦኮነር የፊትዝዊልያም ክለብን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የጻፈው መጽሐፍ በ1977 ታትሟል። እንዲህ ያለውን ታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍት አስቀድመው ሊይዙት ይችላሉ። የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ከ1801 ጀምሮ አሳታሚዎች ከሚያትሙት ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ የመቀበል መብት አለው። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በ1877 ተቋቁሞ የኪልዴር መንገድ ሕንጻው በ1890 የተከፈተ ሲሆን፣ በአገሩ የሚታተመውን ሁሉ በሕግ ይረከባል። እንግዲህ ለእነዚህ ሁለተኛ ቅጂ መላክ ሥራ ማብዛት ነው። የተረፈው ቅጂ ለከተማ ቤተ መጻሕፍት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ታሪክ ለሚያጠና ወጣት ቢሰጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ክፍል ክለቦች በጥቂት ቍጥር ለአባሎቻቸው ያሳተሟቸው ትናንሽ መጻሕፍት፣ የውድድር ፕሮግራሞችና ዓመታዊ መግለጫዎች ናቸው። ለሽያጭ ስላልቀረቡ ሕጉ ያዘዘውን መንገድ ሳይከተሉ የቀሩ ብዙዎች ናቸው፤ ከታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍትም ሊጐድሉ ይችላሉ። የእነዚህ ተገቢ ማደሪያ በየአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ያለው የአካባቢ ታሪክ ክፍል ነው። ስለ ሊና ራይስ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው በቲፐረሪ ነው፤ ልጅነቱን በኬሪ ስላሳለፈው ስለ ማሆኒ የሚጠይቅም ወደ ኬሪ ይሄዳል። መጽሐፍ ፈላጊው በሚመጣበት በር አጠገብ ሲቀመጥ ይነበባል።

ሦስተኛው ክፍል በዓለም ላይ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ነው፤ ይኸውም የእጅ ጽሑፍ ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤ፣ የውጤት መዝገብ፣ ከጋዜጣ እየተቈረጠ የተለጠፈበት ደብተርና ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ ነው። ይህ ክፍል ከቶ ተበታትኖ በሐራጅ መሸጥ የለበትም። አንድ ፎቶግራፍ ከአልበሙ ሲነጠል የሰዎቹ ስም፣ የቦታውና የዘመኑ ማስረጃ አብሮ ይነጠላል። ስለዚህ እንዳለ ሆኖ፣ ቅደም ተከተሉ ሳይፈርስ፣ እርጥበትና ብርሃን ተለክቶ በሚጠበቅበት የታሪክ መዛግብት ቤት ማደር ይገባዋል።

ለክለቡስ መስጠት አይሻልምን? የሚል ይኖራል። ክለብ ለታሪኩ ፍቅር አለው፤ ነገር ግን የክለብ ኮሚቴ በየጊዜው ይለወጣል፤ ሕንጻውም ይዛወራል። ፊትዝዊልያም ራሱ ከቀድሞ ቦታው ከዊልተን ፕሌስ ተነሥቶ ወደ አፒያን ዌይ ሄዷል። አንዱ ኮሚቴ በአክብሮት የተረከበውን ሌላው ቦታ ጠበበን ብሎ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ለክለቡ ግልባጩን፣ ለመዛግብት ቤት ዋናውን መስጠት የተሻለ ነው።

ከአየርላንድ ውጭም ማደሪያ አለ። በዊምብልደን በ1977 ከተከፈተው ሙዚየም ጋራ ስለ ቴኒስ ብቻ የተሰበሰበ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የዓለምን የቴኒስ ታሪክ የሚመረምር ሰው ወደዚያ መሄዱ አይቀርም፤ ስለዚህ የአየርላንድ መጽሐፍ በዚያ ባይኖር ጕድለት ነው። ነገር ግን ብቸኛው ቅጂ ከአገሩ ቢወጣ የሚጐዳው አገሩ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ያለው ሰው አንዱን በአየርላንድ፣ አንዱን በዊምብልደን ቢያስቀምጥ ትክክለኛ ፍርድ ነው።

ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ለምን እንደሚጠቅም አየርላንድ በመራራ መንገድ ተምራለች። በሰኔ ወር 1922 በእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት በደብሊን ፎር ኮርትስ የሚገኘው የመንግሥት መዛግብት ቤት ተቃጥሎ የብዙ መቶ ዓመታት ሰነድ ዐመድ ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ2022 ምሁራን የጠፋውን በኮምፒዩተር መልሶ የሚያሳይ መዝገብ ለሕዝብ ከፈቱ። ይህንንም ሊያደርጉ የቻሉት በሌሎች ቤተ መጻሕፍትና መዛግብት ቤቶች ተበታትነው የቀሩ ግልባጮችና ምትኮች ስለ ተገኙ ነው። ግልባጭ ያልነበረው ግን እንደ ጠፋ ቀርቷል።

ማደሪያው ከታወቀ በኋላ የአሰጣጡ ሥርዐት ይከተላል። መጀመሪያ ካርቶን መላክ አይገባም፤ መጀመሪያ የሚላከው ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ የደራሲው ስም፣ የመጽሐፉ አርእስት፣ የታተመበት ቦታና ዓመት፣ የቆዳው ሁኔታ፣ በውስጡም የተጻፈ ፊርማ ወይም የተሰካ ቍራጭ ጋዜጣ ቢኖር ይጻፋል። ከዚያም ተቀባዩ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ይህ መጽሐፍ አላችሁን? ብትቀበሉት ታስቀምጡታላችሁን ወይስ ትሸጡታላችሁ? በካታሎግ ተመዝግቦ ማንኛውም አንባቢ ሊያገኘው ይችላልን? ለሦስቱም የተሰጠው መልስ በጽሑፍ ይያዝ።

ሰጪውም በበኩሉ ከባድ ግዴታ አያብዛ። ስብስቡ ሁሉ በአንድ ክፍል ይቀመጥ፣ ክፍሉም በስሜ ይጠራ የሚል ቃል ብዙ ቤተ መጻሕፍትን ያስፈራል፤ ስጦታውም ተመልሶ ይመጣል። ስሙን ማስታወስ ቢፈለግ በመጽሐፉ ውስጥ የሚለጠፍ አንዲት ትንሽ ወረቀት ትበቃለች። ደግሞም የደብዳቤው ወረቀት ባለቤት መሆንና የተጻፈውን የማሳተም መብት የተለያዩ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም፤ በስጦታው ደብዳቤ ላይ ሁለቱም ተለይተው ይጻፉ።

እስከሚሰጡበት ቀን ድረስ መጻሕፍቱ ከጣራ ሥርና ከምድር ቤት ይራቁ፤ የመጀመሪያው ይሞቃል፣ ሁለተኛው ይረጥባል። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይጠገን፤ ማጣበቂያው ወረቀቱን ያቃጥለዋልና። የብረት ማያያዣም ዝጎ ወረቀቱን ስለሚበላ ይውጣ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ሥራ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ይፈጸም። በፎቶግራፉ ላይ ከግራ ሦስተኛ የቆመው ማን እንደ ሆነ፣ ያ ትንሽ መጽሐፍ ከየትኛው ክለብ እንደ ተገኘ የሚያውቀው እርሱ ነው። ወራሾች መጻሕፍቱን ይወርሳሉ እንጂ ይህን ዕውቀት አይወርሱም። ስለዚህ በየቤቱ ጥቂት ብርቅ መጻሕፍት ያሉት ሰው፣ ጉዳያቸው ቴኒስም ይሁን ሌላ፣ ዝርዝሩን ለመጻፍ የጡረታውን ዘመን አይጠብቅ። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ጥቂት የእሑድ ከሰዓት በኋላዎች ይበቁታል።