ከመርፌው በፊት ያለው በረት

በወተት ላሞች ላይ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች መበራከታቸው ሲነሳ ወቀሳው ቶሎ የሚያርፈው በመድኃኒት ሻጩ ላይ ነው። እሱም ድርሻ አለው። ነገር ግን መድኃኒት የሚገዛው ላሟ ስትታመም ነው፤ የምትታመመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአያያዝ ጉድለት ነው። ስለዚህ ዳሰሳው ከበረት መነሳት አለበት።

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ የተዳቀሉ ላሞች በሚረቡባቸው በረቶች ፀረ ባክቴሪያ ከሚያስገዙ ሕመሞች ግንባር ቀደሙ የጡት በሽታ ነው። ዋነኛው አምጪ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ከላም ወደ ላም የሚሻገረው ሲታለቡ ነው። አላቢው አንዷን እንደጨረሰ እጁን በዚያው እርጥብ ፎጣ ጠረግ አድርጎ፣ ጣቱን ከዚያው የቅቤ ወይም የቫዝሊን ዕቃ ነክሮ ወደ ቀጣይዋ ይሄዳል። በሽታውም አብሮት ይሄዳል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ለእያንዳንዷ ላም የየራሷ ፎጣ፣ የታመመችውን መጨረሻ ማለብ፣ ከታለበች በኋላ የጡቷን ጫፍ አዮዲን ባለበት መድኃኒት መንከር። እንደታለበች መኖ ቢቀርብላት ቆማ ትቆያለች፤ የጡቷ ቀዳዳ ሳይዘጋ እበት ላይ አትተኛም።

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በተካሄዱ ጥናቶች ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን ተቋቁሞ መገኘቱ ተደጋግሞ ተዘግቧል። ቴትራሳይክሊንም ከዚህ አላመለጠም። በየቦታው በቀላሉ የሚገኙት ፔንስትሬፕና ኦክሲቴትራሳይክሊን መሆናቸው ነገሩን ያስረዳል። የላሟ ክብደት በዓይን ይገመታል፤ የወተቱ መልክ ሲመለስ መርፌው ይቋረጣል። ሆኖም መድኃኒት ያልሠራበት ሁሉ መላመድ አይደለም። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በግቱ ውስጥ ተሸሽጎ፣ በላቦራቶሪ የሚገድለው መድኃኒት እንኳ ሳያገኘው ይቀራል። በኢ. ኮላይ የመጣ ቀለል ያለ የጡት በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ፀረ ባክቴሪያ ይድናል። ወተቱን አስመርምሮ ማከም ከከንቱ ወጪም ያድናል።

ትኩረት የተነፈገው ግን ጥጃው ይመስለኛል። በተለያዩ አገሮች እንደታየው መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይ በብዛት የሚገኘው በጥጆች አንጀት ውስጥ ነው፤ ዕድሜያቸው ሲገፋ ይቀንሳል። አንዱ ምክንያት የሚጠጡት ወተት ነው። በሕክምና ላይ ያለች ላም ወተት ለገበያ አይሆንም፤ መድፋቱ ደግሞ ያንገበግባል፤ ስለዚህ ለጥጃ ይሰጣል። በወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ያልተላመደውን ገድሎ ለተላመደው ሜዳውን ይለቅለታል። የመላመድ ዘረመሎች ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ስለሚተላለፉ ጉዳዩ በኢ. ኮላይ አያበቃም። ጥጃው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በቂ እንገር ቢያገኝና መተኛው ደረቅ ቢሆን ተቅማጡ ይቀንሳል፤ መርፌውም እንዲሁ።

ጉዳዩ ወደ ሰው የሚሻገር ነው። በአዲስ አበባ የወተት እርባታዎች በተደረገ ጥናት መድኃኒት የተላመደ ሳልሞኔላ ከሚታለቡ ላሞችም፣ ከላሞቹ ጋር ከሚውሉ ሰዎችም ተገኝቷል። ወተትን ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ አብዛኛውን የመድኃኒት ቅሪት ግን አያጠፋም። እርጎ አልረጋ ብሎ ያስቸገራት እመቤት ምክንያቱ የላሟ የቅርብ ጊዜ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለባት፤ ቅሪቱ እርጎውን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎችም ያዳክማልና።

በአውሮፓ የተሞከረው ትምህርት ይሰጣል። ላም ስትነጥፍ ታመመችም አልታመመችም በግቷ መድኃኒት መጨመር ለአሥርተ ዓመታት የተለመደ አሠራር ነበር። ኔዘርላንድስ ይህን ከልክላ በሽታ ለተገኘባት ላም ብቻ እንዲሰጥ አደረገች፤ በእንስሳት ላይ የሚውለው ፀረ ባክቴሪያም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 በግማሽ ያህል ቀነሰ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፀረ ባክቴሪያን በዘልማድ ለመከላከያ መስጠትን አግዷል። ያ የተቻለው ግን ሐኪም፣ ላቦራቶሪና መዝገብ በየእርባታው ስለደረሱ ነው።

እኛ ዘንድ ወተት ተረካቢው በአብዛኛው የሚፈትሸው ውኃ መጨመሩንና መኮምጠጡን ነው፤ ዋጋውም በሊትር ይቆረጣል። የመድኃኒት ቅሪትን በደቂቃዎች የሚለዩ መፈተሻዎች አሉ። ተረካቢዎች እነዚህን ቢጠቀሙና ለንጹሕ ወተት ጭማሪ ቢከፍሉ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን የመጠበቂያ ቀን አክብሮ ወተቱን የሚደፋው አርቢ ኪሳራውን ብቻውን አይሸከምም።