የኅዳር ሚዛን፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ኮንፈረንሶች ብርታት እንዴት ይመዘናል?

የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ በላይኛው ምድብ ከ350 የሚበልጡ ቡድኖች ያሉት ስለ ሆነ፣ ሁሉም ከሁሉ ጋር ይጋጠም ቢባል ዓመቱ አይበቃምና፣ ቡድኖቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተከፍለው ከገና ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ በመጋቢትም የተመረጡት 68 ቡድኖች፣ የተሸነፈው ወዲያው በሚሰናበትበት ውድድር ተገናኝተው ሻምፒዮኑ ይታወቃል። ይህን ተመልካች ሁሉ የሚያውቀው ስለ ሆነ አላራዝመውም።

ሐተታ የሚያሻው፣ ፈጽሞ ሳይገናኙ የሚቀሩትን ቡድኖችና ማኅበሮቻቸውን በአንድ ሚዛን የማስቀመጡ ጥበብ ነው፤ ይህም ጥበብ ከዳኝነት ሥራ የማያንስ ሲሆን፣ ተመልካቹ ነጥብ አግቢውን ሲያደንቅ ሚዛን ያዡን ዘንግቶታል።

ብዙዎች በየካቲት የማኅበሩን የደረጃ ሰንጠረዥ ዘርግተው «አባላቱ ሁሉ ይሸናነፋሉና ብርቱ ነው»፣ ወይም «መሪው እንኳ ብዙ ጊዜ ተሸንፏልና ደካማ ነው» እያሉ ሲፈርዱ እሰማለሁ። ሁለቱም ፍርድ መሠረት የለውም። የአንድ ማኅበር አባላት እርስ በርሳቸው በተጋጠሙ ቍጥር ለአንዱ ድል ሲጻፍለት በሌላው ሽንፈት ይጻፍበታልና፣ የውስጡ መዝገብ ሲደመር፣ አባላቱ ኃያላንም ይሁኑ ድኩማን፣ ድሉና ሽንፈቱ ምን ጊዜም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢግ ኢስት የተባለው ማኅበር 16 ቡድኖች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸውም በመደበኛው ውድድር 18 ጊዜ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር ስለ ተጋጠሙ፣ ጨዋታው 144፣ ድሉ 144፣ ሽንፈቱም 144 ሆነ፤ ማኅበሩ ከሁሉ የደከመ ቢሆን ኖሮ ይህ ቍጥር ባልተለወጠም ነበር። እንግዲህ የማኅበር ብርታት የሚታወቀው ከማኅበሩ ውጭ በተደረገው ግጥሚያ ሲሆን፣ እርሱም ከጥቂቱ በቀር በኅዳርና በታኅሣሥ ይፈጸማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ ቤተ ሰብ ያገኘውን ሀብት እንደሚከፋፈለው ነው፤ የየአንዳንዱ ድርሻ ይለዋወጣል እንጂ የቤቱ ሀብት አይጨምርም።

በዚያው ዓመት የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ በቨርጂንያ ቡና እየጠጣን ስንጨዋወት፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ወዳጄ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲን ቡድን፣ በማኅበሩ ውስጥ 9 አሸንፎ 9 ስለ ተሸነፈ፣ መካከለኛ ነው ብለው ናቁት። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተሸነፈ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳሸነፈውም ይዩልኝ» አልኋቸው። ቡድኑ በኅዳር ወር በሐዋይ ሚሺገን ስቴትንና ኬንተኪን አሸንፎ ነበር፤ ከማኅበሩ ውጭም ያሸነፈው ማንም አልነበረም። በኋላ የማኅበሩን ዋንጫ በ5 ቀን 5 ጊዜ ተጫውቶ ወሰደ፤ በብሔራዊውም ውድድር በመጨረሻ በትለርን 53 ለ41 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። ዓመቱንም 32 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ሲፈጽም፣ ዘጠኙንም ሽንፈት ያደረሱበት የገዛ ማኅበሩ አባላት ነበሩ። ይሁን እንጂ ከቢግ ኢስት ከተጋበዙት 11 ቡድኖች እስከ መጨረሻዎቹ 16 የዘለቁት 2 ብቻ ስለ ነበሩ፣ በመጋቢት ብቻ የሚፈርዱ ሰዎች ማኅበሩን ሲያቃልሉት ሰምቻለሁ፤ የአንድ ማታ ጨዋታ የዓመቱን መዝገብ ይሽራል ማለት ግን ታላቅ ስሕተት ነው።

ውድድሩን የሚያስተዳድረው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ከ1981 ጀምሮ አር.ፒ.አይ. በተባለ ስሌት ሲመዝን፣ ከመቶው 25 እጁን ለቡድኑ የድል መጠን፣ 50 እጁን ለተጋጣሚዎቹ፣ የቀረውን 25 ለተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች ይሰጥ ነበር። በ2018 ኔት የተባለው ሚዛን ተተካበት። በዛሬው ሥርዓት በገዛ ሜዳው 30ኛውን ቡድን ያሸነፈና በባላጋራው ሜዳ 75ኛውን ያሸነፈ፣ ሁለቱም ድላቸው በአንደኛው መደብ ይጻፍላቸዋል፤ በሰው አገር፣ በሰው ጩኸት መካከል መጫወት ምን ያህል እንደሚከብድ ላየ ሰው ይህ ተገቢ ብያኔ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የሚመጣው የውድድር ዓመት ሲከፈት መጋቢትን አይጠብቁ፤ በኅዳር ከማኅበሩ ወጥቶ በባላጋራው ሜዳ የሚጫወተውን ቡድን ይመልከቱ፣ ውጤቱንም በማስታወሻዎ ይመዝግቡ።