ያውቁ ኖሯል? ጥርስ አልባዋ የባሕር አዳኝ

በክረምት ማለዳ ቀንድ አውጣ ግድግዳ ላይ ትታው የሄደችውን የሚያብለጨልጭ መስመር ሳያዩ አልቀሩም። ልጋጓ ነው። ናቫናክስ ለተባለችው የባሕር ቀንድ አውጣ እንዲህ ያለው መስመር ወደ ምግብ የሚያደርስ ዱካ ነው።

ናቫናክስ ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ እንደማትዞር ያውቁ ኖሯል? ያላት ቅርፊት ትንሽና ስስ ነው፤ እሱም ሰውነቷ ውስጥ ተሸሽጓል።

አገሯ ከካሊፎርኒያ እስከ ሜክሲኮ ያለው የፓስፊክ ዳርቻ ነው። ጭቃማ ወለልና የባሕር ሣር ያለበት ረጋ ያለ ውኃ ይስማማታል። መልኳ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ቢጫና ነጭ ጭረት አለበት፤ ጠርዟ ላይ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ ነጠብጣብ ተደርድሯል።

ዓይን እያላት በዓይኗ እንደማታድንስ? ከአፏ ግራና ቀኝ ባሉት የስሜት አካላት ወለሉን እየዳሰሰች ትሄዳለች። የሌላ ቀንድ አውጣ ልጋግ ስታገኝ እየቀመሰች ትከተላለች፤ ትደርስበታለችም። አፏ ገና ሲነካው ጉሮሮዋ ድንገት ይሰፋና ምስኪኑን ከነውኃው ስቦ ያስገባዋል። ብዙዎቹ ዘመዶቿ ምግብ የሚፍቁበት እንደ ሞረድ የሻከረ ምላስ አላቸው፤ እሷ የላትም። ማኘክ ብሎ ነገር አታውቅም። ቅርፊት ያለውን ከነቅርፊቱ ትውጠዋለች፤ ሥጋው ይፈጭና ባዶው ቅርፊት ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል።

አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ሮበርት ፔይን በባሕር ኮከብ ጥናቱ ስሙ ከመግነኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ናቫናክስ አመጋገብ ጥናት እንዳሳተመስ ያውቁ ኖሯል?

የራሷን ወገን ጭምር ትበላለች።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ናቫናክስ ክፉኛ ስትነካ ደማቅ ቢጫ ፈሳሽ ዱካዋ ላይ ታፈሳለች። ከኋላ እየተከተለች የመጣች ሌላ ናቫናክስ እዚያ ቢጫ ላይ ስትደርስ ዱካውን ጥላ ፊቷን ታዞራለች። ኬሚስቱ ዊልያም ፌኒካልና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1977 በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ለይተው «ናቬኖን» ብለው ሰይመዋቸዋል። ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው በልጋግ ላይ ነው!

እስካሁን «እሷ» ብያታለሁ፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ናቫናክስ ሴትም ወንድም ናት። ለመራባት ስትነሣም የምትከተለው ያንኑ ዱካ ነው። የኋለኛዋ እንደ ወንድ፣ የፊተኛዋ እንደ ሴት ይሆናሉ፤ አንዳንዴም ብዙዎች ተቀጣጥለው ሰንሰለት ይሠራሉ። የመካከለኞቹ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ናቸው።

ሎስ አንጀለስ ወይም ሳንዲዬጎ የሚኖሩ ከሆነ፣ ውኃው ሲሸሽ በባሕር ሣሩ መካከል እንደ ተወሳሰበ ክር ያለ ቢጫ ነገር ሊያዩ ይችላሉ። የናቫናክስ እንቁላል ሊሆን ይችላልና ቀረብ ብለው ይዩት፤ እባክዎ ግን አይንኩት።