ከአያቱ አማርኛ እስከ ሬጌቶን፦ አቤል ተስፋዬ እና ቤይሩት

እ.ኤ.አ ኦገስት 4 ቀን 2020 ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዳለፈ የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። በገማይዜ፣ በካራንቲና እና በቡርጅ ሐሙድ የቤቶች መስኮት ረገፈ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹና ከቁስለኞቹ መካከል የውጭ አገር ሠራተኞችም ነበሩ። ከፍንዳታው በኋላ ለከተማዋ ገንዘብ ከለገሱ የዓለም ዝነኞች አንዱ አፉን በአማርኛ የፈታ የሐበሻ ልጅ ነው። አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊኬንድ፣ 300 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ሰጠ።

ለምን ቤይሩት? መልሱ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው። ዋሲም ስላይቢ፣ ብዙዎች «ሳል» የሚሉት፣ በወጣትነቱ ከሊባኖስ ወጥቶ ካናዳ የገባ ስደተኛ ነው። ከአቤል ጋር ለዓመታት አብሮ ሠርቷል። ከፍንዳታው በኋላ ስላይቢና ባለቤቱ ሪማ ፋኪህ «ግሎባል ኤይድ ፎር ሌባነን» የተባለ የእርዳታ ማሰባሰቢያ አቋቋሙ። ሪማ በ2010 ሚስ ዩኤስኤ ተብላ የተመረጠች የደቡብ ሊባኖስ ተወላጅ ናት። የአቤል ገንዘብ የገባው እዚያ ነው። ባዕድ አገር የተገናኙ የሁለት ስደተኛ ቤተሰብ ልጆች፣ አንዱ የሌላውን አገር መከራ እንደ ራሱ ቆጠረው ማለት ነው።

አቤል በፌብሩዋሪ 1990 ቶሮንቶ ተወለደ፤ ያደገው ስካርቦሮ በሚባለው ስደተኛ በሚበዛበት የከተማዋ ክፍል ነው። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የወጡት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነበር። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለተለዩት ያሳደጉት እናቱና አያቱ ናቸው። እናቱ ቤተሰቡን ለማኖር ከአንድ በላይ ሥራ ይሠሩ ስለነበር የልጁ ውሎ ከአያቱ ጋር ሆነ። አያት የሚናገሩት አማርኛ፣ ልጅም የሚመልሰው በአማርኛ። ጠዋት ቡና ይፈላል፣ የአስቴር አወቀና የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ይከፈታል። ድምፁ ውስጥ ያለው ያ የሚያንጎራጉር ዜማ ከየት መጣ ብለው ለሚጠይቁት ጋዜጠኞች አቤል የሚጠቅሰው ይህን ቤት ነው።

መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከቤት ወጣ። አደንዛዥ ዕፅ ውስጥ መግባቱን ራሱ ተናግሯል፤ ብዙዎቹ ዘፈኖቹም ስለዚያ ሕይወት ስለሆኑ ለልጆች የሚከፈቱ አይደሉም። ልብስ መደብር ተቀጥሮ ልብስ ሲያጣጥፍ፣ ሠራተኞቹ የእሱን ዘፈን ይሰሙ ነበር፤ ዘፋኙ አጠገባቸው መቆሙን ግን አያውቁም። በ2010 መጨረሻ ዘፈኖቹን በዩቲዩብ የለቀቀው ፊቱን ሳያሳይ ነበርና።

በማርች 2011 «ሀውስ ኦፍ ባሉንስ» የተባለውን ስብስብ በነጻ ለቀቀ። በ2015 «ካንት ፊል ማይ ፌስ» እና «ዘ ሂልስ» ተከታትለው በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጡ። በ2019 መጨረሻ የወጣው «ብላይንዲንግ ላይትስ» ደግሞ ከሁሉም በለጠ፤ በ2021 ቢልቦርድ በሰንጠረዡ ታሪክ የምንጊዜም አንደኛ ዘፈን ብሎ አስቀመጠው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ በሱፐር ቦውል የእረፍት ሰዓት ብቻውን ሲዘፍን ከራሱ ኪስ 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቷል።

ወደ ስፓኒሽም ዞሯል። ዛሬ ዓለምን ያጥለቀለቀው ሬጌቶን ከጃማይካ ዳንስሆል ምት ተነስቶ በፓናማ በኩል ፖርቶ ሪኮ የደረሰ የሰፈር ሙዚቃ ነው፤ ላቲን ትራፕም ከዚያው ሰፈር ወጣ። በኖቬምበር 2020 አቤል ከኮሎምቢያዊው የሬጌቶን ዘፋኝ ማሉማ ጋር «ሃዋይ»ን እንደገና ሲሠሩ ከፊሉን በስፓኒሽ ዘፈነ። በዓመቱ ከስፔናዊቷ ሮሳሊያ ጋር «ላ ፋማ»ን ሲሠራ ክፍሉን በሙሉ በስፓኒሽ ተጫወተው፤ ዘፈኑ የዶሚኒካን ባቻታ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ ውጭ ሌላ ቋንቋ ይዞ ላደገ ልጅ ሦስተኛውን መሞከር ብዙ አያስፈራም። አረብኛን ያለ አስተማሪ ከማዳም አፍ የለቀማችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

ወደ ሥሩም ይመለሳል። በ2016 ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ እንዲያስተምር 50 ሺህ ዶላር ሰጠ። በ2021 በኢትዮጵያ በግጭት ለተጎዱ ወገኖች ምግብ እንዲደርስ 1 ሚሊዮን ዶላር ለገሰ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነ።

ይህ ታሪክ ለእኛ አንባቢዎች ከዝና ያለፈ ነገር አለው። ከእናንተ መካከል ልጇን ለእናቷ ትታ የሰው ልጅ የምታሳድግ ብዙ ናት። የአቤል እናትም በሥራ ስለተወጠሩ ልጃቸው በአያት እጅ አደገ። ልዩነቱን ግን መደበቅ አይገባም፤ እሳቸው ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ልጃቸው ይመለሱ ነበር። በከፋላ ሥር ያለች እናት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም ታስሮ፣ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ በሰው መሳቢያ ተቆልፎ፣ ዓመታት ልጇን ሳታይ ትቀራለች። በ2020 ክረምት ሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ያለ ደመወዝ ተጥለው አስፋልት ላይ ያደሩት እህቶቻችንም ልጅ ያላቸው ነበሩ። የአንድ ዘፋኝ ስኬት ይህን አይፈታም፤ የሚፈታው ሕግና ደመወዝ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳያል፦ አያት ጋ የቀረ ልጅ ባዶ እጁን አልቀረም። የአያት ቋንቋ፣ የአያት ቡና፣ የአያት ዘፈን ስንቅ ነው። እሑድ ዳውራ ወጥታችሁ ብር ስትልኩ በስልክ የምታወሩትም ወሬ የዚያ ስንቅ ክፍል ነው። ብሩ ለቤት ኪራይና ለትምህርት ቤት ይውላል፤ ልጁ ነገ የሚያስታውሰው ድምፃችሁን ነው።

የምትሠሩበት ቤት ጎረምሳ ካለ፣ አንድ ቀን «ዘ ሂልስ»ን ጮክ አድርጎ መክፈቱ አይቀርም። እስከ መጨረሻው ስሙት። ማብቂያው ላይ ጥቂት የፍቅር ቃላት በአማርኛ ይሰማሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ትርጉሙን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።